ማዕዘን ያለው ድስት

የጋሽ ደምሴን ሞት የነገረችኝ ልጁ አስቴር ናት፤ በስልክ። «ጋሼ ጌታሁን፣ አባባ ትናንት አረፈ» ስትለኝ፣ እንደ ሰው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ማለት ሲገባኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ድስቶቹስ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቅሌት! አስቴር ግን በለቅሶዋ መሀል ፈገግ ማለቷ በድምፅዋ አስታወቀኝ። «አሉ ጋሼ፣ እዚሁ ናቸው» አለች። አባቷን የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ሊጠይቅ ኖሯል?

ደብረ ብርሃን ላይ የጋሽ ደምሴን ስም ብትጠሩ «ያ ቆርቆሮ ሠሪው?» ይሏችኋል። እኔ የማውቀው ግን ወጥ ቤታችን ሆኖ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በብርድ ቀን እንኳ እጅጌውን የሚሰበስብ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው በመዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ብድግ ብድግ አድርጎ መመዘን ነው። ዳቦ ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን ግድ የለውም። የመጀመሪያ ልጄን ሳሳየው ተቀብሎ እንደ ልማዱ ብድግ ብድግ አደረገውና «ይህ ለመንገድ አይሆንም፤ ከባድ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ያህል ተቀይማው ነበር።

«መንገድን የሚያረዝመው ጓዝ ነው» ይል ነበር። «ላምባ የጠጣ ጣሳ ሰው አይመግብም» የሚልም ነበረው፤ ይህን የሚለው የሚያገኘውን ባዶ ጣሳ ሁሉ አፍንጫው ውስጥ ሊከተው እስኪደርስ ካሸተተ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን እጅግ የጣመው ምግብ ሲቀርብለት የሚናገረው ነገር ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥምና «ጨው አንሶታል» ይላል። ከዚያ ድስቱን እስኪልስ ድረስ ይበላል። ሰዎች አቃቂር የሚያበዛ ይመስላቸዋል። ነገሩ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ ከእነሱም ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ የመኪና መንገድ ሊወጣ ነው ተባለና የቅየሳ ቡድን ተላከ። አለቃችን አቶ ተፈራ ነበር፤ ጥሩ ሰው፣ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ብቻ። እኔ ቁጥር መዝጋቢ ነኝ። የቅየሳውን ዘንግ ይዞ ከፊት ከፊት የሚቆመው ከጦር ሠራዊት የወጣው አሥር አለቃ ዘውዴ ነው። በቅሎዎቹ የአልዩ አምባው የሰይድ ናቸው። ምግብ የሚያበስለው ጋሽ ደምሴ ነበር። ወንድ ሆኖ ወጥ መሥራቱ ለአሥር አለቃ ዘውዴ የዕለት ቀልድ ነበር፤ ቀልዱን ሲጨርስ ግን ሳህኑን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያቀርበው እሱ ነው።

ከመጋዘን የተሰጠን ድስት የብረት ነበር። አንድ በግ ከነቀንዱ ይቀቅላል፤ ክፋቱ እኛ በግ አልነበረንም። ለእሱ ብቻ አንድ በቅሎ ተመድቦለታል። ጋሽ ደምሴ ጠዋት ጠዋት ሲጭነው ይረግመዋል፤ ማታ ሲያወርደውም ይረግመዋል። ሌላም የሚያናድደው ነገር ነበር። በዚያ ድስት እኛ ሥጋ ስለምንሠራበት ሰይድ ከእሱ አይበላም። ሳምንቱን ሙሉ በሶውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ጭብጦውን ጨብጦ ብቻውን ይበላል። ያ ሁሉ ውርጭ ባለበት አገር! ጋሽ ደምሴ ይህን ማየት አይችልም ነበር። «የሰይድ በሶ እኔን ነው የሚበርደኝ» ይለኝ ነበር።

ከአንኮበር ወርደን ገደላ ገደሉን እንደጀመርን የድስቱ በቅሎ አዳለጣት። ራሷ ተፍገምግማ ቆመች፤ ጭነቱ ግን ተፈታ። ድስቱ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ የሚያመነታ መስሎ ተንከባለለ። ከዚያ ቆረጠ። ጓ! ጓ! ጓ! እያለ ሲወርድ ጭላዳዎቹ ሣር መንቀላቸውን ትተው በየአቅጣጫው ሸሹ። ድምፁ የቆመው እኛ ቆጥረን ከሰለቸን በኋላ ነው።

ሰይድ በቅሎዋን ዞሮ አገላብጦ አያትና «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ናት» አለ። አቶ ተፈራ ወደ እኔ ዞሮ «ጻፍ እንግዲህ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ደንግጬ «ድስቱ ከጧቱ በአራት ሰዓት ገደማ በራሱ ፈቃድ ገደል ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ተፈራ ወረቀቱ ላይ ፈርሟል፤ አንብቦት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተክለን ተቀመጥን። ዱቄት አለ፣ ሽሮ አለ፣ እንጨት አለ፤ ማብሰያ የለም። ከመንደር እንዋስ ቢባል፣ በግራ ያለው መንደር የክርስቲያን ስለሆነ ለሰይድ አይሆንም፤ በቀኝ ያለው የእስላም ስለሆነ አሥር አለቃ «አንገቴን እሰጣለሁ» አለ። እንዲህ ስንከራከር ጋሽ ደምሴ ሄዶ ጓዙን ፈታ። ባዶ ጣሳ በባዶ ጣሳ! የዘይት አለ፣ የዱቄት ወተት አለ፣ የቲማቲም አለ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ሲለቅም አይተነዋል፤ ሊሸጠው ነው ብለን አምተነዋልም። ከጣሳዎቹ ሥር መቀስ፣ ፒንሳና የሽቦ ጥቅልል አወጣ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አራት ማዕዘን የሆነውን የዘይት ጣሳ ከጎኑ ቀዶ ዘረጋው፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ እየቀጠቀጠ አቀናው። ከዚያ አራቱን ጎኖች ወደ ላይ አነሳቸው። እኔ ማዕዘኖቹን ይቆርጣቸዋል ብዬ ስጠብቅ አልቆረጠም። በየማዕዘኑ የተረፈውን ቆርቆሮ ቆንጠጥ አድርጎ አጠፈውና ወደ ጎን አስተኛው፤ ጫፉን ደግሞ በሌላው እጥፋት ሥር ሸጎጠው። ያልተቆረጠ አያፈስም። ከንፈሩን በሽቦ ላይ ጠቅልሎ እጅ እንዳይቆርጥ አደረገ፤ ታጣፊ እጀታም ሰካለት።

«ጋሼ፣ ድስት ማዕዘን አለው እንዴ?» አልኩት።

«ክብ ነገር ገደል ይገባል» አለ ቀና ሳይል። «አይተሃል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት ድስት ሠራ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ። የወተቱን ጣሳ ዙሪያውን በሚስማር በስቶ ምድጃ አደረገው፤ አንድ እፍኝ ጭራሮ ብቻ ይበላል፣ ነፋስም አያጠፋውም። በድስቶቹ ጎን በሚስማር ነጥብ መታባቸው። አንድ ነጥብ የፍስክ። ሁለት ነጥብ የጾም። ሦስት ነጥብ የሰይድ። ትንሿ ነጥብ የላትም፤ የሻይ ናት። ሰይድ አራቱንም በአንድነት አነሳቸውና «ወላሂ፣ ከጫማዬ ይቀላሉ!» አለ። ጋሽ ደምሴ ይህን ቃል ለብዙ ዓመት ሲደጋግመው ሰምቻለሁ።

ደስታችንን ያደፈረሰው አሥር አለቃ ዘውዴ ነው። ሲመለከት ቆይቶ «እጅህ ለምዷል። የት ተማርከው?» አለ።

«ደብረ ብርሃን፤ አንድ የመናዊ ዘንድ። አራት ዓመት ቆርቆሮ ቀጥቅጫለሁ።»

«ጠይብ ነሃ!» አሥር አለቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ስንት ቀን ሙሉ ጠይብ ሲያጎርሰኝ ከርሟል! በሥላሴ!»

ያን ጊዜ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን ይባል እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ማረሻውን ይሠራልሃል፤ አንተ ግን ዓይኑን ትፈራለህ፣ ከቤቱ አትበላም። ጋሽ ደምሴ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ቢሆንም ድምፁን አላነሳም።

«አባቴ አንኮበር ላይ መጽሐፍ ደጓሽ ነው» አለ። «ቆዳ ያጠፈ መሪጌታ፣ ቆርቆሮ ያጠፈ ጠይብ! በፍየልና በጣሳ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ሰይድ ነገሩን አላራዘመውም። ባለ ሦስት ነጥቡን ድስት ተቀብሎ «ቢስሚላህ» አለና በላ። በሳምንቱ የመጀመሪያ ትኩስ ምግቡ ስለነበር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አለ። አሥር አለቃ ያን ማታ ጦሙን አደረ። ማግስቱ ረቡዕ ነበር። የሽሮው ሽታ ድንኳኑ ድረስ ሄዶ አመጣው መሰለኝ፣ መጥቶ ቆመና «ለሆዴ ብዬ ነው እንጂ ሐሳቤን አልለወጥኩም» ብሎ ተቀመጠ። በጾም ድስት ሥጋ ስለማይገባ ሰይድም ከእኛው ጋር በላ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሁላችንም ከባለ ሁለት ነጥቡ እንበላ ነበር።

ያን ቀን ዕቃ በአመድ ስንፈትግ ነው የልቡን የነገረኝ። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐና ይባላሉ። እሱን ለድቁና አሳደጉት። እሱ ግን ቅኔው አልገባ ብሎት፣ እጁም አላርፍ ብሎት ደብረ ብርሃን ገባ። የቆርቆሮ ሥራውን ሲሰሙ «ልጄ ዲያቆን ነበር፤ ጠይብ ልጅ የለኝም» አሉ። ሰባት ዓመት ሆነው። በየዓመቱ ለትንሣኤ ይሄዳል፤ መሪጌታ ከጓዳ አይወጡም። እናቱ በሕይወት ሳሉ ምግብ ደብቀው እስከ አጥሩ ያመጡለት ነበር። አሁን እሳቸውም የሉም።

«ምን እንዲሉህ ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ምንም እንዲለኝ አልፈልግም» አለ። «ከሠራሁት ድስት አንዴ ቢቀምስልኝ ይበቃኛል።»

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰይድ እህል ሊገዛ አንኮበር ወጥቶ ወሬ ይዞ ተመለሰ። ለብራና የሚሆኑትን ፍየሎች ከቆላ እየነዳ ለመሪጌታ የሚያመጣላቸው እሱ ኖሯል። «ደምሴ፣ አባትህ ዘንድሮም ዋሻ ሊገቡ ነው» አለ። «ሱባዔ። የያዙት ጥሬ ሽምብራ ብቻ ነው። አምና ይዘውት የሄዱት ሸክላ መንገድ ላይ ተሰብሮባቸው፣ ሙቅ የሚሉት ነገር ሳይቀምሱ ሆዳቸው ታሞ ነው የተመለሱት። ዘንድሮ አይመለሱም ነው የሚለው ሰዉ። አላህ ያቆያቸው።»

ጋሽ ደምሴ ተነስቶ ጓዙን ፈታ። የቀረውን የዘይት ጣሳ አመጣ። የሠራውን ዕቃ ዛሬም አየዋለሁ። ለአንድ ሰው የምትበቃ ማዕዘን ያላት ድስት፤ ክዳኗ ሲገለበጥ መጠጫ ይሆናል፤ ውስጧ ምድጃዋ ይገባል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ትንሽ ዳቦ አይከብድም። በመዳፉ ብድግ ብድግ አደረጋትና ለእኔ ሰጠኝ።

«አንተ ውሰድለት። ከሱቅ የተገዛች ናት በለው። የእኔን ስም ከሰማ አይነካትም።»

ዳገቱን ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ መንገድ ልናወጣለት የመጣነው ዳገት መሆኑን የዚያን ቀን ነው በሚገባ የተረዳሁት። መሪጌታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አንድ ዳዊት ይደጉሱ ነበር። ከስተዋል። እጃቸው ግን የልጃቸው እጅ ነው፤ ረጅም ጣት፣ የማያርፍ።

«አባ፣ ለመንገድዎ የምትሆን ትንሽ ዕቃ ነበረች» አልኩ። «ከደብረ ብርሃን፣ ከሱቅ የተገዛች።»

ተቀበሉኝ። ብድግ ብድግ አደረጓት! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ክዳኗን ከፈቱ፣ ምድጃዋን አወጡ፣ መለሱ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ማዕዘኗ ላይ ደረሰና ቆመ። እጥፋቱን ዳሰሱት። ሌላውን ማዕዘን ዳሰሱ። አራቱንም።

«ሱቅ ነው ያልከኝ?»

«አዎ አባ።»

«ሱቅ እንዲህ አያጥፍም።» የሚደጉሱትን ዳዊት አንስተው ገበታውን፣ የእንጨት ሽፋኑን፣ ከፍተው አሳዩኝ። ቆዳው በገበታው ጠርዝ ላይ ታጥፎ፣ ማዕዘኑ ላይ ቆንጠጥ ተደርጎ፣ ጫፉ በሌላው እጥፋት ሥር ተሸጉጧል። ያው ነው። በአንድ ጣት እንኳ አይለያይም። «ይህን ለአንድ ልጅ ነው ያሳየሁት» አሉ። «በስምንት ዓመቱ። ቆዳ አበላሽቶብኝ ገርፌዋለሁ።»

የምገባበት አጣሁ። ውሸቴን ልክድ ነው፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው ስል ድስቷን ወደ እኔ ዘረጓት።

«መልስለት።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት ይህን ቃል ተሸክሜ ልወርድ ነው፤ የጋሽ ደምሴን ፊት ምን ብዬ ላየው? ድስቷን ተቀብዬ ብድግ አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ መሪጌታ። ወደ ዳዊታቸው አቀርቅረዋል። «ይህች ለአንድ ሰው ናት። ለሁለት የሚበቃ ይሥራና ራሱ ይዞት ይምጣ በለው።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረድኩት። ጋሽ ደምሴ ድስቷን በእጄ ሲያይ ፊቱን አዞረ። የተባልኩትን ስነግረው ዞረ። «ልክ እንዲያ ነው ያለው? ‹ለሁለት› ነው ያለው?» ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሰይድም «ኧረ ተዉ» እያለ አለቀሰ።

ማልቀሱን ጨርሶ ያለው የመጀመሪያ ቃል «ጣሳ!» ነው። ጣሳ አልነበረም። የቀሩት ላምባ የጠጡ ናቸው። ሁላችንም ወደ አቶ ተፈራ ድንኳን ዞር አልን። አቶ ተፈራ የብስኩት ቆርቆሮውን አቅፎ ወጣ፤ ለአፍታ አየን፣ ቆርቆሮውንም አየ። ከዚያ ብስኩቱን በሙሉ በኔ መዝገብ ላይ ገለበጠውና «ብሉት እንግዲህ፣ ምን ታዩኛላችሁ!» አለ። ድስቱ ሲታጠፍ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ የያዘው ማን ነበር? አሥር አለቃ ዘውዴ። «ጥብቅ አድርገህ እጠፈው» ይለው ነበር፤ «ሽማግሌ እጁን እንዳይቆርጠው።»

ጋሽ ደምሴ በማግስቱ ጠዋት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ሁላችንም ሥራ ትተን ከበብነው። አባቱን ዋሻው ድረስ ሸኝቷቸው ነው የመጣው። ቀለል ብሎት ነበር፤ ሰባት ዓመት የተሸከመውን ጓዝ አውርዷል።

«ምን በላችሁ?» አልኩት።

«የገብስ ሙቅ። እኔ ሠራሁ።»

«ከዚያስ?»

«ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ...» እጅጌውን ሰበሰበ። «ከዚያ ‹ጨው አንሶታል› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። አብረን ጨረስነው።»

መሪጌታ ከዋሻው በደህና ተመለሱ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ኖሩ።

ለለቅሶው ደብረ ብርሃን የሄድኩ ጊዜ፣ ሰዉ እስኪበተን ቆየሁ። አስቴር ጓዳ ገብታ ያንን ድስት ይዛ ወጣች። የብስኩቱ ሥዕል ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ቂጡ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ እጀታውም የዱሮው አይደለም። ማዕዘኖቹ ግን እነዚያው ናቸው። ውስጡ ሽሮ ነበር።

«አባባ ይሄን ለማንም አያውስም ነበር» አለች። «ለሁለት ሰው ነው ይላል።» ድስቱን መሀል አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ቆረስኩና ቀመስኩ። የሽሮው ጨው ልክ ነበር፤ እንደዚያ የጣመኝ ሽሮ ትዝ አይለኝም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጨው አንሶታል» አልኳት።

አስቴር በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ድስቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ይብሉ እንግዲህ ጋሼ» አለችኝ። «እንጨርሰው።»